ልክ

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ደብተር ያዥ ነበርኩ
በአሱንሲዮን፣ በወታደር ልብስ ቤት፣
ለዶኛ ዴኦሊንዳ፣ ለሰፊዋ።
እሷ ሜትሯን ዘርግታ ቁጥር ትጠራለች፣
እኔ እርሳሴን በምላሴ አርሼ እጽፋለሁ።

ሐሙስ ዕለት ጄኔራሉ መጣ።
በር ተዘጋ፤ መጋረጃ ወረደ፤
አጃቢዎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤
የአገር አባት በካናቴራ አይታይም።
እኔ ግን አየሁት።
ትከሻው እንደ ጠርሙስ አንገት ቁልቁል ይፈስሳል፤
ደረቱ ላይ ሦስት ሽበት፣ አንድ የኪንታሮት ምልክት።
«ሰማንያ ዘጠኝ» አለች ዴኦሊንዳ።
ዝም ተባለ።
ካፒቴን ኦርቲጎሳ ጉሮሮውን ጠረገ።
«መቶ አሥራ ሁለት» አለች፣ ሜትሩ ሳይነቃነቅ።
መቶ አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ።

የቀረውን ሃያ ሦስት ጥጥ ሞላው።
ጥጡን ከደቡብ ሴቶች ለቅመው ልከውታል፤
አንዳንዱ ጉንጉን ላይ የደረቀ ደም አለ፣
እሾህ የቧጠጠው ጣት።
ያን ወደ ውስጥ እናዞረዋለን፣
ነጩን ወደ ውጭ።

ሬዲዮው «ደረተ ሰፊው!» ይላል፣ ጠበቅ አድርጎ።
እኔ ላላ አድርጌ ነው የምሰማው፤
ደረቱን ሰፊዋ እዚህ አለች፣
መርፌ በከንፈሯ ነክሳ።
«አገር ሴት ናት» ይላል ደግሞ፣ «አጥብቆ ለያዛት ትገዛለች።
ልካቸውን አሳያቸዋለሁ!»
ጭብጨባው መስኮታችንን ያርገበግበዋል።
ዴኦሊንዳ ክሯን በጥርሷ ትበጥሳለች።
በዚያ ሁሉ አገር የሱን ልክ የምናውቅ ሁለት ነን፤
ሁለታችንም ቀሚስ ለባሽ።
ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ይላሉ፤
ይለቅ፣ ምን ገዶን፣
ስንት ጥጥ እንደገባ ግን እኛን ጠይቁ።

ያን ዓመት ጸጉር ያሳደጉ ተማሪዎችን
በአደባባይ ላጯቸው፤ «ሴታሴት» ብለው
በቀለም ጀርባቸው ላይ ጻፉ።
ኤውሎሂዮ፣ የዴኦሊንዳ ልጅ፣ አራተኛው ነበር።
ጊታር ይመታል፤ በረሮ እንኳ አይገድልም።
«ወንድ አድርገን እንመልስልሻለን» አሏት።

መለሱላት።
ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል።
አንድ ምሽት ሾርባው ጨው አነሰው ብሎ
እህቱን በጥፊ አጮላት፤
ከዚያ እጁን አየው፣ ገልብጦ አየው፣
የማን እጅ እንደሆነ እንደጠፋው ሰው።

በማግሥቱ መርፌ ስንቆጥር አንድ ጎደለ።
ረስታ ይሁን አውቃ አልጠየቅኳትም።
በሰልፉ ቀን፣ መዝሙሩ ሲያልቅ፣
ጄኔራሉ አየር ስቦ ደረቱን ነፋ፤
ዓይኑ እንባ አቀረረ።
ማን ይጠይቀው? ማንስ ኮቱን ይፍታው?
አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይተነፍስ ቆመ።
ጋዜጣው «የአባት እንባ» ብሎ ጻፈ፤
ትምህርት ቤቶች ድርሰት ታዘዙ።

የሸሸው በሌሊት ነው፣ በሹራብ።
ቢሮውን ሰብረው የገቡ ሰዎች
ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠውን ኮት አይተው
መጀመሪያ ሰላምታ ሰጡት።

ዴኦሊንዳን ከቀበርናት ዘጠኝ ዓመት ሆነ።
ሱቁ የእኔ ነው፤ ሜትሯም።
ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጠበቃ መጣ፣
ለምርጫ የሚወዳደር፣ ስለ ነፃነት የሚናገር፣
ደግ ፊት ያለው።
ለካሁት፦ ዘጠና አንድ።
በመስተዋቱ ውስጥ ራሱን በጎን እያየ፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትከሻው ላይ
ትንሽ ብቻ ብትጨምሪበት» አለኝ።
«እኔ በልክ ነው የምሰፋው» አልኩት።

ሳቀ፤ ሒሳቡን ከፈለ፤ ወጣ።
ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሰፊ ቤት አለ።